ወረፋ

ቅጽ ቁጥር ሁለትን አስር ቅጂ ይዤ፣
ከኮምቦልቻ ወጣሁ በባጃጅ ተጉዤ።
የሐረጎ ጉም የጭነት መኪናውን
አንድ በአንድ እየዋጠ፣ አንድ በአንድ ሲተፋ፣
ሾፌሩ «ከዚህ በእግርሽ ነው» አለና
ጭቃ ረጭቶብኝ ጠፋ።

ሾላ በር ይሏታል፤ ቤቱ ሠላሳ አይሞላም፣
ከሠላሳውም ቢሆን፣ ከግማሹ ጭስ አይወጣም።
መስጊዱ ከላይ ነው፣ ቤተ ክርስቲያኑ ከታች፣
በመሃል አንዲት ምንጭ
ለሁለቱም የበቃች፣ ለሁለቱም ያነሰች።

አያ ሙሄ ቆዩኝ በሩን ተደግፈው፣
ሰማንያን አልፈው፣
ወይ ሰማንያን ረስተው።
«አብሽሪ ልጄ፣ ግቢ፤ መንግሥት ዛሬስ ምን ጠፋበት?»
«ቅርስ ካለ ልመዝግብ» አልኩ፣
ቅጹን ጉልበቴ ላይ ዘርግቼ።

ወፍጮ ቤቱ ወንዝ ዳር ነው። ቦዩ ደርቋል።
መዘውሩ ሥር እሬት በቅሏል።
«ይሄን ድንጋይ» አሉኝ፣ በመዳፋቸው እየመቱት እንደ በሬ ጎን፣
«አርባ ሰው ጎተተው ሰባት ቀን።
አርብ አልተነካም፣ እሁድም አልተነካ፤
የሰባት ቀን ሥራ አስር ቀን ፈጀብን፣
አንዱ ለአንዱ ሲያርፍ ሁሉም አረፈ ለካ።»

ስም፦ የውሃ ወፍጮ።
ዕድሜ፦ «ከእኔ ያንሳል፣ ከልጄ ይበልጣል።»
ያለበት ሁኔታ፦ ሦስት ሳጥን አለ፣
ጥሩ፣ መካከለኛ፣ የተጎዳ።
«ዝም ያለ» የሚል የለም።

መብራት የመጣ ዓመት ሰዉ ወደዚያ ዞረ፤
«ዱቄቱ ይፋጃል» አሉ አያ ሙሄ፣
ዛሬም ድረስ እጃቸው ላይ ያለ ይመስል
መዳፋቸውን እፍ እያሉ።

ልወጣ ስል ነው ያየሁት። ከግድግዳው ሥር
ሰባት ጠጠር በአንድ መስመር።
አንዱ ጥቁር፣ አንዱ የገንቦ ስባሪ፣
አንዷ ነጭ፣ የጫጩት እንቁላል የምታክል።
«ይሄስ?» ብዬ በጫማዬ ጫፍ ልነካ ስል
«ተይ!» አሉ።
ከዚያ ደረት ያን የሚያህል ድምፅ ይወጣል አላልኩም።

«ወረፋ ነው እሱ።
ሴቱ እህሉን አውርዶ፣ ጠጠሩን አሰልፎ
ውሃውን ይቀዳል፣ ልጁን ያጠባል፤
ጠጠር የቆመለትን ማን ደፍሮ ያልፈዋል?
ባለጸጋ ቢመጣ ከጠጠሩ ኋላ፣
ሼኩም ቢመጡ ከጠጠሩ ኋላ።
ቄሱ አንድ ቀን ሊቀድሙ ቢሉ፣ ነፍሳቸውን ይማር፣
ሳቅንባቸው። እሳቸውም ሳቁና
ጎንበስ ብለው ጠጠር ፈለጉ።

«እነዚህ ተራ ሲጠብቁ ውሃው ቀረ።
ይሄ የአመዴ ሚስት ነው፤ አልጋ ይዛለች።
ይሄ የወለተ ሚካኤል፤ አፈር ገብታለች።
ይሄን የሉባባን… ጅዳ ሄደች አሉ፣ እኔ እንጃ።
ይቺ ነጯ የጦይባ ናት።
ፋብሪካው ክር የሚፈትል ሰው ይፈልጋል ሲሉ ሰምታ፣
ስልቻዋን እዚሁ ትታ፣
‹መጣሁ› ብላ ወረደች፤
መጣሁ እንዳለች ቀረች።
ስልቻዋን አይጥ በላው፣
ጠጠሯን ግን ምን ይበላታል?»

ባለቤት፦
እጄ ቆመ እዚህ ላይ።
«የማን ልጅ ነሽ?» አላሉኝም።
የኛ አገር ሰው ይህን ሳይጠይቅ እንግዳ አይሸኝም።
ዓይኔን አዩኝ፣ ቀጥሎ ጠጠሯን፣
ቀጥሎ መንገዱን አሳዩኝ፣
«ሳይጨልም ውረጅ» ብለው።

ማታ፣ ኮምቦልቻ። የቢራ ፋብሪካው ሽታ
ከዝናቡ ጋር በመስኮት ይገባል።
እናቴ ጣቶቿን
ሠላሳ ዓመት የተበጠሰ ክር የቀጠሉትን፣
ዛሬ ቁልፍ እንኳ የማይቆልፉትን
ለብ ባለ ውሃ ነክራ «የት ዋልሽ?» አለችኝ።

ነገርኳት።
ውሃው እስኪቀዘቅዝ ዝም አለች።
እጇን አውጥታ በቀሚሷ ጠረገችና፣
እንደዋዛ፣ ወደኔም ሳታይ፣

«ከፊቴ ስንት ሰው ቀረ?»