የኛስ የቱ ገጽ ነው?

ደቻቱን ወንዝ ይሉታል፣ እኛ የምናውቀው አሸዋ፤
ውሃ በስም ብቻ ያላት፣ እንዲህ ነበረች ድሬዳዋ።
ቀን ኳስ እንለጋበታለን፣
ማታ ግመል ይተኛበታል፣
አባቴ ብቻ ዳር ቆሞ ያየዋል፤
«ይኼ ዱቤ ነው» ይላል፣
«ሰማይ ያበደረው፤ አንድ ቀን ይጠየቃል።»

አቶ ዘውገ፣ የከዚራው ቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅ፣
የእድር ዳኛ፣ የወላጅ ኮሚቴ፣ የተጣላ አማላጅ፣
በዚያ ሁሉ ሙቀት
ክራቫት ከአንገቱ የማይለይበት።
እናቴ ሌት ሌት ታጥብ ነበር፣ አንድ ነበረና ሸሚዙ፤
በካዝናው የሚያድረው ግን የመጋላ ሰው ነው ወዙ።

ለሐሊሞ ጨርቅ ሻጯ በገዛ ስሙ ዋስ ሆኖ፣
ባለጋሪው ጡሃ ፈረስ ሲሞትበት፣ ዋናውን ቢሮ ለምኖ
ሲያበድር አይተናል።
እናቴ የስፌት መኪና ብትለው አንዴ፣
«መያዣሽ ምንድን ነው?» አላት፣ ሳቅ እያለ እንደ ዋዛ፤
እሷም ሳቀች።
መኪናው ግን አልተገዛ።

ሰባት ዓመት ደጅ ጠና፣ የወንዙ ግንብ ይሠራ ብሎ፣
በእጁ ካርታ ነድፎ፣ ከየሱቁ መዋጮ ጠቅሎ።
«ጋሽ ዘውገ፣ ለአሸዋ ደግሞ ምን አጥር?» አሉት፤
ሻይ ጋበዙት።
ማመልከቻው ፋይል ውስጥ ተኛ፤
ተኛን፣ ከወንዙ ዳር፣ እኛ።

በዚያች ሌሊት
እኛ ዘንድ ጠብ አላለም፤ የዘነበው ከደንገጎ ጋራ ላይ፣
ከዋክብት ነበሩ እንኳ፣ በእኛ ራስ፣ በእኛ ሰማይ።
ድምፁ ቀድሞ ደረሰ፤ ባቡር ይመስል ነበር፣
ሐዲዱን የሳተ ባቡር።

አባቴ በባዶ እግሩ ሮጠ።
ወደ ባንኩ።

ምንዳዬ፣ አሥራ አራት ዓመት ያልሞላው ወንድሜ፣
እናቴን አዝሎ እኔን በክንዴ ጎተተኝ፤ ዛሬም ሲመሽ አለ ሕመሜ።
ከሰው ቆርቆሮ ላይ ሆነን አየን፣
በራችን ሲከፈት፣
አልጋችን ብቻውን ሲወጣ፣ ሰው እንደጠራው፣ ወደ ጨለማው።

ሲነጋ መጣ፣ የባንኩን መዝገብ በጋሪ ጭኖ።
ሸሚዙን ቀዶ ጠቅልሎባቸዋል።
«የሰው ሁሉ ነገር እዚህ ውስጥ ነው» አለ።
ምንዳዬ አየው፤ ዝም አለ።

እናቴ አልጮኸች፣ አላለቀሰች፣
ከኒሙ ሥር፣ በተረፈው ግቢ፣ መዝገቡን ዘረጋች፤
በየገጹ ጠጠር ጭና፣ ፀሐይ ሲዞር እያዞረች፣
ሦስት ቀን ሙሉ የሰው ገንዘብ እንደ በርበሬ አሰጣች።

መጡ ባለገንዘቦቹ። ሐሊሞ መጣች ልጇን ቀብራ፣
ጡሃም መጣ፣ ልጓም ብቻ ይዞ።
ጣታቸውን በመስመሩ አስኬዱ፤ ስማቸው አለ፣ ቁጥሩም አለ።
ጡሃ የአባቴን ጉልበት ሳመ።
ይኼኔ ነው እናቴ ቀና ያለችው፤
«ዘውገ፣» አለችው፣
«የኛስ የቱ ገጽ ነው?»

አንድ ጠጠር አነሳ፤
ሌላ ገጽ ላይ አስቀመጠው።

ከዚያ በኋላማ ከተማው ሸለመው፤ ግንቡም ተሠራ፣
የመጀመሪያውን ድንጋይ ያኖረ እሱ ነው፣ ከከንቲባው ጋራ።
ሲንጀሩም መጣ፣ አዲስ፣ ከነጎማው፤
እናቴ ክር አስገብታበት አታውቅም፣
በየሳምንቱ ግን ትወለውለዋለች።
ምንዳዬ ጂቡቲ ነው። ደብዳቤው ሁሉ
«ይድረስ ለእናቴ» ይላል፤ ሌላ አድራሻ የለበትም።
አባቴ እያነበበላት፣ እሷ እያዳመጠች፣
ስንት ዓመት ሄደ።

የቀበርነው ዕለት ሱቅ ሁሉ ተዘጋ፤
ሼኹም ቄሱም አንድ ድንኳን ተቀመጡ።
ሰው ሲበተን እናቴ ፍራሿን ገልብጣ አንድ ወረቀት አወጣች፣
ጭቃ የቀለመው፤ ስሙንም ቁጥሩንም ጎርፍ የበላው፣
ከግርጌው የአባቴ ፊርማ ብቻ፣ ያቺ ረጅም ጭራዋ፣ የቀረች።

«ያኔ ስሰበስብ ደበቅኩት» አለችኝ።
«የኛ ይኼ ነው።»