በስምንት ማካፈል

እሑድ ማታ፣ ኮዬ ፈጬ፤ መብራት መጥቷል፣ ውኃ ሄዷል፤
ከማዶ፣ ካልተሠራበት መሬት፣ ነፋሱ አቧራ ይዞ ወርዷል።
ላፕቶፔን ጭኔ ላይ አድርጌ፣ ሰባት ቁጥሩ የማይጫን፣
እጽፋለሁ በየቤቱ በሳምንት የገባውን ጀሪካን፦

አሥራ ሁለት፣ አሥራ አንድ፣ አሁንም አሥራ አንድ፤
አሥር፣ አሥር፤ ዘጠኝ የኛ፤
የነወይንሸት ሰባት ነው። ሰባት ግን የለኝም፤
«ስምንት ሲቀነስ አንድ» ብዬ አስገባሁት፣ ኤክሴል አልተከፋም።
በመጨረሻው ሴል፣ ሁለት።
ሁለት፣ የጋሽ ልሳኑ ቤት።

በአንድ ደረጃ የምንወጣ ስምንት በር፤ ሰባ ሁለት ጠቅላላ።
ሊቀ መንበሩ አቶ ፍሬሰንበት በስልክ፦
«አማካዩን ጻፊና ላኪ፣ ሌላው ይደርሳል በኋላ።
ዘጠኝ ከሆነማ ደኅና ነን።»
ዘጠኝ ነው። እውነት ነው፣ ዘጠኝ።
ግን ያን ዘጠኝ ከኛ ቤት በቀር
ማንም በእጁ አላነሳውም።

ስለዚህ ከጎኑ ሌላ ዓምድ ከፈትኩ፣
ከየቤቱ ላይ ዘጠኝ ቀነስኩ።
ሦስት፣ ሁለት፣ ሁለት፣ አንድ፣ አንድ፣
የኛ ባዶ፤ የነወይንሸት ሁለት ጎደሎ፤
ከዚያ፣ ሳልጫነው፣ ብቅ አለ በራሱ ጊዜ
ያ እምቢ ያለኝ ሰባት፣ ከፊቱ ሰረዝ አንጠልጥሎ፣
ጋሽ ልሳኑ በራፍ ላይ።

ደመርኳቸው፤ ዜሮ።
ትርፉና ጉድለቱ ተቃቅፎ ጠፋ፤
የአንዱ ቤት ሙላት በሌላው ጥም ላይ ተደፋ፤
ከሩቅ ላየን ሁላችን እኩል።

ስኩዌር አደረግኳቸው። ያኔ ሰረዙ ወደቀ፣
ያኔ ያ የላይኛው ቤት አርባ ዘጠኝ ሆኖ ደመቀ።
ድምሩ ደግሞ፣ ይገርማል፣ ያው ሰባ ሁለት፤
አርባ ዘጠኙ የአንድ ቤት።

ከዚህ ወዲያ መንገዱ ሁለት ነው፤ አንዱ በ«ፒ» ያልቃል፣ አንዱ በ«ኤስ»።
በኤስ የሚያልቀው ለናሙና ነው፣
ወጡን በጭልፋ ቀምሶ ስለ ድስቱ ለሚናገር፤
ከቁጥሩ ላይ አንድ ይቀንሳል፣
ላላየው ጥንቃቄ ነው፣ አልፈርድበትም።
በስምንት ፈንታ በሰባት።

ግን ከስምንታችን አንድ ቢቀነስ፣ ማን ይሆን የሚቀነሰው?
አውቃለሁ። አራተኛ ፎቅ ያለው፣ ሁልጊዜ የሚረሳው ሰው፤
ሠላሳ ዓመት በአንበሳ አውቶቡስ ይህን ከተማ ያመላለሰው፣
ዛሬ ሰማንያው ደረጃ ላይ ሃያ ሊትር የሚያንበረክከው።
እኛ ናሙና አይደለንም። አንድም በር አልዘለልኩም።
ሕዝብ ነን፣ ስምንት ብንሆንም።
በፒ።

ሦስት ወጣ። ድፍን ሦስት፣ ያለ ነጥብ።
ላክሁለት፦ «አማካይ ዘጠኝ፣ ስታንዳርድ ዲቪዬሽን ሦስት።»
«ሦስቱ ምንድን ነው?» አለ።

መልሱን ጀምሬ ሳልጨርስ መብራቱ ሄደ፤
የላፕቶፔ ባትሪም እንደ ልማዱ ተከትሎት ነጎደ።
በስልኬ ብርሃን ጫማዬን ፈለግሁ፣ አንድ ጀሪካን አነሳሁ፣
በየፎቁ እያረፍኩ ወጣሁ፣ ለሁለተኛው ተመለስኩ።
እጀታው ጣቴን ቆርጦታል።

የሚመጣው እሑድ የሱ ቤት አራት ይሆናል።
የኛ ቤት ግን ሰባት፤
እሱን ደግሞ እንደምንም ብዬ
ስምንት ሲቀነስ አንድ እለዋለሁ።