አራተኛው ረድፍ

ከአዌቱ ማዶ፣ ሁለተኛው ፎቅ ላይ፣ መስኮቱ በማይዘጋ ክፍል
አምስት ሆነን ተቀምጠናል፤ ሰው ልንመዝን፣ ነጥብ ልናካፍል።
ሐምሌ ነው። የጅማ ዝናብ ከጠዋት ጀምሮ ቆርቆሮ ይደበድባል፤
"ቀጣይ!" ይላል ሰብሳቢያችን፤ አንዱ ወጥቶ ሌላው ይገባል።

በእጄ ያለው ቅጽ፣ አራተኛው ረድፍ፣ አሥር ነጥብ፦
"የሰውነት ቋንቋ። ዓይን ለዓይን መተያየት። አለመንተብተብ።"

ሙንተሃ አባ ፊጣ ገባች፤
አሥራ ዘጠኝ ዓመት ቧንቧ የጠገነች፣
ለውሃ ጽሕፈት ቤት ኃላፊነት ዛሬ ከፊታችን የቆመች።
መስታወት ፊት ተለማምዳ እንዳደረች ያስታውቃል፤
ፈገግታዋ ቀድሞ ገብቶ ባለቤቱን ይናፍቃል።

ወንበሩ ሸሸባት፤ ባለ ጎማ ነው፣ ሲቀመጡበት ይንሸራተታል።
(አባቷን አውቃለሁ፤ ሄርማታ በርጩማ ይጠርባል፤ ከአንድ ግንድ የወጣው
በሦስት እግሩ ረግቶ ማታ ቤቷ ይጠብቃታል።)

ዓይኗን ወደ ጠረጴዛው ሰበር አደረገች። ከጎኔ ያለው "ሁለት" ብሎ ጻፈ።
እኔም ያደግኩት እንዲሁ ነው፤
ታላቁን አፍጥጦ ያየ ልጅ ጆሮውን ተይዞ ተገረፈ።
ዛሬ ደግሞ ያንኑ ዓይን "ለምን ወደቀ?" ብለን ነጥብ እንቀንሳለን፤
በአንድ አፍ "አጎንብሺ"፣ በዚያው አፍ "ቀና በይ" እንላለን።

"ራስሽን ግለጪ።"
ምራቋን ዋጠች። የሻሿ ጫፍ ጣቷ ላይ ተጠቀለለ፤
ጉልበቷን ጠረጴዛው ቢደብቅም፣ የብርጭቆዋ ውሃ ዋለለ።

እኔ ብቻ ያየሁ መሰለኝ። አፍሬ ወደ ታች ሳይ
የገዛ እግሬ ይንቀጠቀጣል፣ ያውም ከእሷ በላይ።
ሰብሳቢው ጠዋት ደረጃው ላይ ስም ሹክ ብሎኛል፤ የእሷን አይደለም።
ለእንዲህ ያለው መንቀጥቀጥ ቅጹ ረድፍ የለውም።

ከዚያ ከኮሪደሩ
ጠብ...
ጠብ...

ጆሮዋን ሰጠች። ትከሻዋ ወረደ፤ እጇ ረጋ።
"ይቅርታ፣ ያ ቧንቧ ጎማው አልቋል። እንዲህ እየተንጠባጠበ ከነጋ
ባልዲ ሙሉ ነው። ይህ ሁሉ ዝናብ እየወረደ
ቢሺሼ ላይ ጀሪካን ተሰልፏል፤ የሰው ጉልበት ራደ።
መፍቻ ካላችሁ አሁን እዘጋዋለሁ" አለች፤
አምስታችንንም፣ አንድ በአንድ፣ እያየች።

ያቀረቀርነው እኛ ነን።

ብዕሬ አራተኛው ረድፍ ላይ ቆሟል። ሰብሳቢው አውቆ ይስላል።
ዝናቡ አባርቷል።
የእኔን ብርጭቆ አየሁት፤
ውሃው ገና ይዋልላል።