ከሃያ አምስት በታች

ሻርጃ ናት፤ ነሐሴ። ከጎሚስታው ማዶ፣
ደጁ እሳት ሲተፋ ውስጡ እንደ በረዶ፣
ሦስት ወንበር ባላት ኢንሹራንስ ቢሮ
ሻጂ ተቀበለን ወረቀት ደርድሮ።
የኬረላ ሰው ነው፤ ጣቱ አይሰንፍም፤
ካልኩሌተር ሲነካ ቀና ብሎ አያይም።

ሙልኪያዋን ሰጠሁት። ነጭ ኒሳን ናት፣
የጎን መስታወቷን በፕላስተር ያሰርናት፣
ሰፍቼ የጨረስኩትን ለደንበኛ የማደርስባት።

«የምትጨምሪው ሹፌር፣ ስሟ ማነው?» አለኝ።
«ማህደር።» ጻፈና በግማሽ ዓይን አየኝ፤
«ዕድሜ?»
«አሥራ ስምንት፤ ሰኔ ላይ ሞላት።»
«መንጃ ፈቃድ?»
ልጄ ከቦርሳዋ አወጣችለት፣
ገና ያልቀዘቀዘ፣ ከማሽን የወጣ፣
በስንት ልምምድ፣ በስንት እንባ፣ በስንት ጣጣ፤
ፈታኟ አደባባይ ላይ ሁለት ጊዜ ጥላት፣
በሦስተኛው ፈገግ ብላ «ማብሩክ!» ያለቻት።

ሻጂ ጣቱን አቆመ፤ ጉሮሮውን ጠረገ፤
ከዓረብኛና ከህንድኛ መሃል ቃል ፈለገ፤
«ማማ፣ ይቅርታ… ከሃያ አምስት በታች
ኩባንያው ይፈራል፤ ልጅቷ ልጅ ነች።
ዋጋው ይጨምራል ስድስት መቶ ድርሃም፤
ብትጋጭ ከኪስሽ ሺህ ነው፤ እሱም አይቀርም።
የአንቺ ግን ጥሩ ነው፤ አርባ ስምንት ዓመት፣
ለበሰለ ሹፌር ቅናሽ አለበት።»

ከሃያ አምስት በታች።
አውቀዋለሁ እኔ ይህንን ቁጥር፣
አይቼዋለሁ በፓስፖርቴ ሲሰፍር።
ከኮምቦልቻ መጥቼ ደላላ ደጅ ቆሜ፣
አሥራ ሰባት ዓመቴ፤ ውዴ ነበር ስሜ፤
«ከሃያ አምስት በታች አይገባም» አለና
ስምንት ዓመት ጨመረ፣ ብዕሩን አነሳና፤
ስሜንም «ዋርዳ» አለው፤ «ለዓረብ ይቀላል።»
ስምንት ዓመት በአንድ መስመር እንዴት ይነቀላል?

አልኖርኩትም ያንን ዕድሜ፤ ዘለልኩት፤
እንደ ተዘጋ ሱቅ በመስታወት አየሁት፤
በማዳም ጂኤምሲ፣ ከኋላ፣ ከጥጉ ዳር፣
ከሩዝ ጆንያ ጋር፣ ከዳይፐር ካርቶን ጋር፣
ቀበቶ የሌለኝ፣ ስሜ የማይጻፍ፣
መንገዱን ወደ ኋላ እያየሁ የማልፍ።
ያኔ ብንገለበጥ ማን ነበር የሚጠይቅ?
በየትኛው ማህደር ነበር ውዴ የምትታወቅ?

ዛሬ ግን ይህ ሰውዬ፣ በጨዋ አንደበት፣
«ልጅቷ ልጅ ናት» አለኝ፤
ለልጅነቷ ዋጋ ተመነላት።

ዝም ብዬ ብቆይ ገንዘቡ መሰለው፤
«ቅናሽ ልጠይቅ?» ብሎ ስልኩን አነሳው።
ልጄም በአማርኛ፣ ከንፈሯን ነክሳ፣
«ተይው እማ፣ በአውቶቡስ ልሂድ» አለች፣ እጄን ዳሳ።

«አይ» አልኩት፤ «ስልኩን ተወው። እከፍላለሁ።
ዕድሜዋን ብቻ አትንካ፤ ስትጽፍ አያለሁ።»
ግራ ገባው ሻጂ። ማን ዕድሜ ይነካል?
አንድ፣ ስምንት… ጻፈ፤ ቁልፉ ቀጭ ቀጭ ይላል።

ቆጠርኩለት ብሩን ከመቀሴ ኪስ፣
የሁለት ቀሚስ ዋጋ፣ የአንድ ሙሉ ልብስ።
ወረቀቱም ወጣ፣ ሁለት ሴት ተሸክሞ፤
ከላይ ዋርዳ አለች፣
በስምንት ዓመት የምትበልጠኝ፣ በማኅተም፣ በቀለም ታትሞ፤
ከታች ማህደር ናት፤
ስሙም የራሷ ነው፣ ዓመቱም የራሷ፤
ይዛው ወጣች፣ ለፎቶ እንደሚነሳ ሰው ቀና ብሎ ራሷ።

አባቷ ድምፅ ልኳል ከራስ አል ኸይማ፣
የድንጋይ መኪናው ሞተር ከኋላ እየተሰማ፣
«ፍሬኗ ይዘገያል፤ ቀድማ ትርገጥ በያት።»

መሪው ያቃጥላል። በሻሽ ጫፍ ያዘችው።
ወንበሯን ቀረበች። ኋላ ማርሽ ከተተችው።
«እማ፣ ከኋላ ሰው አለ?»
ዞርኩና አየሁ፤ ረጅም ጊዜ አየሁ
ያንን የኋላ ወንበር፤
አንድ ጥቅል ክር ብቻ፣ የጨርቅ ቁራጭ ነበር።

«የለም» አልኳት። «ነይ ውጪ፤
ቀስ ብለሽ ግን። ቀስ።»