አይዝጌ

«አይዝጌ» ነው ስሙ።
ሻጩ እንዲያ ብሎ፣ ገዢው ተቀብሎ፣
ከሰንጋ ተራ ፎቅ በር ሆኖ ተሰቅሎ፣
በየደርቡ ቆሞ ሊፍቱን ይዘጋል።
ስሙን ተዪው ትርሲት፤ ካልያዙት ይዝጋል።

ዐሥር ዓመት ከመንፈቅ በዚህ ጨርቅ ኖሬአለሁ፤
ከገጠመው ይልቅ እኔ ዐውቀዋለሁ።
ጠጉር አለው፣ አየሽ፤
የሚተኛበት አለው፣ የራሱ ወገን፤
ጎንበስ ብለሽ እዪው ከመብራቱ ጎን።
የበሩ ጠጉሩ ከላይ ወደ ታች ነው፤
ቁልፉ ያለበቱ ሳህን ግን አግድም ነው።
በተኛበት ሂጂ፣ አትዙሪ በክብ፤
ሦስት ሰዓት ላይ ፀሐይ ስትገባ በግንብ
የዞርሽውን ሁሉ አንድ ባንድ ታወጣለች፣
ለመጣ ለሄደው ትናገራለች።

ለብ ያለ ውኃ፣ የሳሙና ጠብታ፣
ከዚያም ንጹሕ ውኃ፣ ከዚያም ደረቅ ፎጣ፤
ውኃው እላዩ ላይ እንዳይደርቅ ብቻ!
የቧንቧችን ውኃ ነጭ ነጥብ ነው ጥሎት።
ለነጥቡ አቼቶ አቅጥነሽ ቀቢለት።
ዘይት ከጥፍር ያነሰ፣ በጨርቅ፣ መጨረሻ፤
ካበዛሽው አቧራ ጠራሽ፣ ድግስ ደገሽ።
በረኪና? ወግጂ!
በረኪና ለጨርቅ ነው፣ ብረትን ይበላል፤
ዛሬ ዝም ብሎ፣ ክረምት ሲገባ እንደ ኩፍኝ ነጥብ ነጥብ ይላል።

ይህን ሁሉ የነገርኳት ግን ከጥፋቱ ኋላ ነው።

በመጀመሪያ ቀኗ፣ ሦስተኛ ደርብ ላይ፣
አንዱ «የሚከራይ ቤት» ለጥፎ ኖሮ በሩ ላይ፣
ወረቀቱ ተነሣ፣ ሙጫው ግን እምቢ አላት።
የድስት ሽቦ ከቤቷ ይዛ ነበር። ማንም አላያት።
ልጅነት፣ ሥራ መውደድ፣ ባንድ ክንድ ተደርቦ፣
ሙጫውን አስለቀቀ፤ ጠጉሩን አብሮ።
ስንዝር ከጋት ጭረት።

አቶ ልሳነወርቅ የቁልፍ እጀታውን እያንቃጨለ መጣ።
«ማን ነው?» አለ።
ትርሲት እጇ ባልዲው ውስጥ ነበር፤ ውኃው ይንቀጠቀጣል።
«እኔ ነኝ» አልኩ።
ለምን እንዳልኩ አላውቅም። ደግ ሴት አይደለሁም፤
ያጎደለብኝን ሳሙና ያውቃል እንጂ ማንም አያመሰግነኝም።
ምናልባት ዐሥር ዓመት ያጠፋሁት አሻራ የሰው ሁሉ ስለሆነ፣
አንድ የኔ የሚባል ምልክት አምሮኝ ከሆነ።

ሦስት መቶ ብር ቆረጡ። ወር ሙሉ ታክሲ ትቼ
እስከ አውቶቡስ ተራ በእግሬ፣ በተክለ ሃይማኖት ወጥቼ።

በሩ ላይ ሰዉን ሁሉ አነባለሁ።
የአምስተኛው ሰውዬ ሁሌ በክርኑ ነው የሚጫን።
ስምንተኛ ላይ ያለችው ከንፈሯን አይታበት
ቀይ ጣቷን ትጠርጋለች፣ መሐረብ ይመስል።
አንዳንዴ ደግሞ ሰፊ ላብ፣ ከዓይን ከፍ ብሎ፦
ጉዳዩ ያልሞላለት ግንባሩን አስደግፎ
ሊፍት የጠበቀበት ነው።
እርሱን ቀስ ብዬ ነው የማጠፋው።

ማክሰኞ መብራት ጠፋ።
ሊፍቱ ምድር ቤት አፉን ከፍቶ ቀረ፤
አይዝጌው አልዘጋ ብሎ ተገተረ።
ሰዉ በደረጃ ወጣ፣ ጉልበቱን እያማ፣
እስከ ቀትር ድረስ አንድም ጣት በር ሳይነካ።
እኔና ትርሲት ሦስተኛ ደርብ ባልዲ ገልብጠን፣
በደረጃው መስኮት ብርሃን ከበሩ ትይዩ ተቀመጥን፣
ሁለት ጭጋግ መሰልን፤ ዓይን የሌለው፣ ሻሽ ብቻ።
ጭረቱ በኔ ጉንጭ አለፈ።
ትርሲት ባልዲዋን ጎትታ ተጠጋችኝ፣ አንገቷን አዘነበለች፣
ወደ ራሷ ጉንጭ እስኪሻገር።
«አሁን ልክ ሆነ» አለች።

ከታች አንድ ነገር አጉረመረመ፤ መብራቱ መጣ።
ጨርቁን ከትከሻዬ አወረድኩ።