ሰባት ቅዳሜ

የመመለሻ ቲኬቴ ሲቆረጥ ሰባት ቅዳሜ ቀረኝ።
ሁለት ዓመት ሙሉ በቤተ ሙከራው መስኮት
እንደ ጎረቤት ግድግዳ ሳየው የኖርኩት ባሕር
ያኔ ቆጨኝ።

ሥራዬ ክኒን ማሟሟት ነበር፤
ውሃ ውስጥ ጥሎ፣ ሰዓት ይዞ፣
እስኪጠፋ መቁጠር።
ከመስኮቱ ማዶ ግን አገር የሚያህል ውሃ
ይነሣል፣ ይፈርሳል፤
ሰዓት የያዘለት የለም።

ያስተማረችኝ ግሮኛ ትባላለች።
ስልሳ ሦስት ዓመቷ ነው፤
ስትራንድሂል ላይ ፖስታ ስታድል ኖራ
በጡረታዋ ሰሌዳ ታከራያለች።
ስሟን ስትነግረኝ «ግራኝ?» ብዬ ሳቅ አመለጠኝ፤
ፍቺውን ነገርኳት።
«እስቲ ዙሪልኝ» አለች፤ ዞርኩ፤
ከኋላ ገፋ አደረገችኝ።
እንዳልወድቅ ተፈናጥሮ የቀደመው
ቀኝ እግሬ ነበር።
«ሰሌዳ ላይ ቀኙን የሚያስቀድም እንደ ግራኝ ነው፤
በይ እንግዲህ፣ ግራኟስ አንቺ ነሽ!»
በቀኜ እየጻፍኩ፣ በቀኜ እየጎረስኩ
ሠላሳ አንድ ዓመት ከራሴ ጋር ስኖር
ይህን የነገረኝ አልነበረም።

«ከየት ነሽ?»
«ከባሕር ዳር።»
«ምን ማለት ነው?»
«የባሕር ጠርዝ።»
«ታዲያ እኔ ምን ላስተምርሽ!»
«ባሕር የለውም» አልኳት፣ «ሐይቅ ነው። ጉማሬ አለው።»
ያን ጉማሬ ለመንደሩ ሁሉ አዳረሰችው።
ዳቦ ልገዛ ስገባ ባለሱቁ ፓድሬግ
«የጉማሬዋ ልጅ መጣች» ይላል።

የመጀመሪያው ቅዳሜ፣ ጨው።
ሁለተኛው፣ ጨውና አሸዋ።
በሦስተኛው ዐውሎ ነበር፣ አልገባንም፤
መኪናዋ ውስጥ ድንች ጥብስ ይዘን
መስታወቱን ዝናብ ሲያጥበው አየን።
ባሏ ስለሞተበት ክረምት ነገረችኝ፤
እኔም ለማንም ያልነገርኩትን ነገርኳት፦
አገር ቤት የሚጠብቀኝ ሥራ እንጂ
ሰው እንዳልሆነ።
ድንቹ ቀዘቀዘ።

በአራተኛው ቆምኩ ማለት ይቻላል፤ በጉልበቴ።
በጉልበቴ የቀረሁት በጉልበት ስለሞከርኩት ነው።
«አትታገዪው፤ አብረሽው ተነሺ» ትላለች ግሮኛ።
የስምንት ዓመቱ ፊያክራ በአጠገቤ፣
ንፍጡን በክንዱ እየጠረገ፣
በር ላይ እንደተንጠለጠለ የታክሲ ረዳት
ቆሞ ያልፋል።

ከኋላችን ተራራ አለ፣ አናቱ ላይ የድንጋይ ክምር።
የጥንት ንግሥት ቆማ ተቀብራበታለች ይላሉ፣
ፊቷን ወደ ጠላቶቿ አዙራ።
አምስተኛውንም ስድስተኛውንም ቅዳሜ
ፊቴን ከአረፋው ባወጣሁ ቁጥር
የማያት እሷን ነው፤
እሷ ሞታ እንኳ ቆማለች፣
እኔ በሕይወቴ አቃተኝ።

ሰባተኛው የመሄጃዬ ቀን ነበር።
ሻንጣዬ መኪናዋ ውስጥ፣
ባሕሩ እንደ ዘይት ረግቶ፣
ብርዱ በጎማው ልብስ ስፌት እየገባ።
አንድ ማዕበል መጣ፤ ትልቅ አይደለም፣ ወገብ ቢደርስ ነው።
ከሥሬ ሲያነሣኝ ተሰማኝ፤
ቀኝ እግሬ ማንም ሳይገፋው ቀደመ።
ከዚያ ዝም አለ፣ ሁሉ ነገር።
ንግሥቲቱን አየኋት፣
ቆሜ።
ስንት ሰከንድ እንደነበር አላውቅም፤
እኔ፣ ሰዓት ይዤ የኖርኩት ሴት።
ግሮኛ ከዳር የጮኸችው እንኳን ደስ አለሽ አልነበረም፤
«ጉልበትሽን እጠፊ!» ነው።
ወዲያው ወደቅሁ።

ማታ፣ ደብሊን አየር ማረፊያ፣
የፍተሻው ወጣት «ፈሳሽ ነገር ይዘሻል?» አለኝ።
«አልያዝኩም።»
ጫማዬን ልፈታ ጎንበስ ስል
ከአፍንጫዬ ውሃ ጠብ፣ ጠብ አለ፣
ሣጥኑ ውስጥ፣ ቀበቶዬ ላይ።
ከንፈሬን ላስኩ፤ ጨው ነው።
ልጁ ሣጥኑን አየ፣ እኔን አየ።
«ከመቶ ሚሊ ሊትር በታች ነው» አለ፣
«እለፊ።»