የቁልፍ ጣሳ

«ስኳር ገና አልገባም፤ ቆሟል ከበሩ፤
እስኪ አንድ ወር ተወው፣ ይታይ ነገሩ»
አለች ሲስተር ደጊቱ ጣቴን ወግታ አይታ፤
እኔም እሺ አልኳት፣ ነሐሴ አንድ፣ ወደ ማታ።

«ሰው ለእመቤታችን ቅቤ ሲተው አየሁ፤
ለጣት ደም ስኳር ሲተው ግን ዛሬ ገና ሰማሁ»
አለች ሽታዬ ስቃ፣ ዓይኗ እስኪያነባ፤
ባዶ የስኳር ጣሳው ከኔ ጋር ስፌት ቤት ገባ።

ለራሴ ሕግ አወጣሁ፦ ስኳር ላልቀመስኩበት
ለያንዳንዱ ቀን አንድ ቁልፍ ልጥልበት፤
ነጭ፣ ባለ አራት ቀዳዳ፣ የደንብ ልብስ ቁልፍ፤
ትምህርት ሊከፈት ነው፣ የብቸና ልጅ ሁሉ ከበሬ ላይ ሰልፍ።

አንደኛው ቀን፣ ኪል።
ሁለተኛው፣ ኪል፤ ለጎረቤት ጉራዬን ነዛሁ።
በሦስተኛው ራሴን ሰው እንደ ከበሮ መታው፤
የአንዱን ሱሪ ኪስ ከጉልበቱ ላይ ሰፋሁ፣
ፈትቼ ደግሞ እዚያው መልሼ ሰፋሁ።

የውዴ ሻይ ቤት ከሱቄ ጋር ግድግዳ ትጋራለች።
ውዴ ስትቀዳልኝ «ስንት ላድርግ?» አትልም፣
ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አራት ማንኪያ ታውቃለች።
ዛሬ ግን ብርጭቆውን በመዳፌ ከደንኩት፤
አየችኝ፤ «ሻዬ ምን ጎደለው?» የሚል ፊት።
ምን ልበላት? ጠጣሁት።
የኮሶ ታናሽ ወንድም።

ሌሊት በሕልሜ ጣቃው ሁሉ ስኳር ነበር፤
መቀስ ባስገባሁበት ቁጥር
ይፈስሳል፣ ይፈስሳል እግሬ ሥር፤
ጎንበስ ስል ነጋ።
ያን ቀን ልጄን ያለ ጥፋቱ ተቆጣሁ፤
ያን ቀንም ቁልፍ ጣልኩ፤ እሱ ግን ለምን እንደሆነ እንጃ።

አሥራ ሁለተኛው ቀን ላይ፣ ዝናቡ ሲያባራ፣
አንዲት ልጅ በቆሎ ትጠብሳለች ከመናኸሪያው ጋራ፤
አንድ እሸት ገዛሁ፣ ነከስኩት፣ ቆምኩኝ።
አርባ ዓመት በልቼዋለሁ፣
ጣፋጭ መሆኑን ማን ደበቀኝ?
ማታ ደግሞ ወጡ ውስጥ ቀይ ሽንኩርቱ ጣፈጠ!
ሽንኩርት! ለሽታዬ ብነግራት
ግንባሬን ዳሰሰች፣ ትኩሳት እንዳለብኝ አውቃ።

ፍልሰታ ተፈታ።
የኔ አልተፈታ።

በሃያ ሁለተኛው ቀን አያ እንየው መጣ፣
ከሸበል ቆላ፣ በእግሩ፣ ባቱ ድረስ ጭቃ፤
ቅል ሙሉ ማር ይዟል። «ባንተ ስም የሰቀልኩት
ቀፎ ነው» አለኝ፤ እንዴት አድርጌ ልመልሰው?
«ስኳር ትቻለሁ» ብለው፣ «ማር ነው እንጂ ስኳር አይደለም» ሲለኝ፣
«ማረኝ» አልኩት፤ ምላሴ ግን ማረከኝ።
በጣቴ በላሁት፤ በዚያችው፣ ሲስተሯ በወጋችው።

ማታ ከጣሳው ፊት ቆምኩ፣ ቁልፍ ጨብጬ።
ከሳሹም እኔ፣ ዳኛውም እኔ፣
ምስክሩ ንብ፣ እሱም ቆላ ቀርቷል።
ግማሽ ቁልፍ ደግሞ የለም።
ከመኪናው ሥር አንድ ስባሪ አነሳሁ፣
ሁለት ቀዳዳ የቀረው፤
ጣልኩት፤ ኪል እንኳ አላለም።

ጳጉሜን ሁለት ቀን ቀበሌው ስኳር አመጣ።
ላልቀምሰው ስኳር ሦስት ሰዓት ተሰለፍኩ፣
ካፊያ ላይ፣ ኩፖኔን ከባርኔጣዬ ሥር ደብቄ፤
ሁለት ኪሎ ተሸክሜ ስገባ ሽታዬ
«ጣሳዬን መልስ» አለች፣ እጇን ዘርግታ።
ጠረጴዛው ላይ ዘረገፍኩት፦
ሠላሳ አንድ ሙሉ፣ አንድ ስባሪ።
አልቆጠረችም።

ሥራ በዝቶ ነበር፤ ቁልፍም አጥሮኝ፤
ከዚያው እያነሳሁ ሰፋሁ፣ እስከ በዓሉ ዋዜማ።
ስባሪዋን ብቻ ለራሴ ኮት ውስጠኛ ኪስ አስቀረሁ።

አሁን መስከረም ነው፤ ጠዋት በሱቄ ደጅ ያልፋሉ፤
አንዱ ራስ ምታቴን አንገቱ ላይ ቆልፏል፣
አንዷ በቆሎዬን፣
ያ ትንሹ፣ የሚሮጠው፣ ቁጣዬን ሆዱ ላይ ፈቶት።

ውዴ ሻይ ቀዳች። ማንኪያው ከጣሳው አፍ ላይ ቆመ።
«ስንት ላድርግ?» አለችኝ፣
በዘጠኝ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ።